ከአባያ ዳር እስከ ጨንቻ

ሐይቅ ለማየት የሚሻ መንገደኛ ወደ ሐይቅ ይወርዳል፤ ተራራ ለማየት የሚሻም ወደ ተራራ ይወጣል፤ ሁለቱን በአንድ መዓልት፣ ያውም አንዱ ለሌላው ምክንያት ሆኖ ሳለ፣ ከነምክንያቱ ለማየት የሚሻ ግን በአገራችን ደቡብ ከአርባ ምንጭ ከተማ ተነሥቶ በዶርዜ በኩል ወደ ጨንቻ የሚወጣውን መንገድ ይያዝ። መንገዱ በርዝመቱ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን መነሻው ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ሲሆን መድረሻው ወደ 2,700 ሜትር የሚጠጋ ስለ ሆነ፣ ማለዳ ከሙዝና ከማንጎ ጥላ ሥር የተነሣ ሰው ቀትር ሳይሆን ገብስ በሚታጨድበትና አፕል በሚለቀምበት ደጋ ላይ ጋቢውን ደርቦ ይገኛል። በዚህ ምዕራፍ ላሳየው የምወደው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ከታች ያለውን የአባያን ውኃ መልክ የሚሰጠው ከላይ ያለው የጋሞ ተራራ መሆኑንና፣ ይህንም ዐይን አይቶ ልቡና ሊያስተውለው የሚችለው መንገዱን ከግርጌው እስከ ራሱ በተከታተለ ጊዜ መሆኑን ነው።

ጉዞው በነግህ ይጀመራል። አርባ ምንጭ በሁለት የተከፈለች ከተማ ናት፤ ሲቀላ የሚባለው ክፍሏ ገበያውንና መናኸሪያውን ይዞ ከሜዳው ላይ ተዘርግቷል፤ ሴቻ የሚባለው ደግሞ መሥሪያ ቤቶቹን ይዞ ከአፋፉ ላይ ተቀምጧል። መንገደኛው ፀሐይ ከአማሮ ተራሮች በስተ ኋላ ብቅ ሳትል በፊት ወደ ሴቻ አፋፍ ይውጣ፤ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ሆቴሎችን ያቋቋሙት አቶ በቀለ ሞላም አንዱን ሆቴላቸውን የሠሩት በዚሁ አፋፍ ላይ ነበርና፣ የቦታውን ልዕልና ቀድመው የተረዱ ሰው ነበሩ ለማለት ይቻላል። ከእግሩ በታች ጥቁር እስኪመስል የጠቆረ ጥቅጥቅ ያለ ደን ይታየዋል፤ ከደኑ ማዶ የአገሩ ሰው የእግዚአብሔር ድልድይ ብሎ የሚጠራው ጀርባ ሁለቱን ሐይቆች ለያይቶ ተጋድሟል፤ በግራው አባያ፣ በቀኙ ጫሞ። ጎህ ሲቀድ ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ናቸው፤ ብርሃን እየጸና በሄደ መጠን ግን ይለያያሉ፤ ጫሞ አረንጓዴ ያዘለ ሰማያዊ ይሆናል፤ አባያ ግን ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደዚህ የዘለቁት የኢጣልያ አሳሾች አባያን በንግሥታቸው ስም ማርጌሪታ፣ ጫሞንም በደቡብ ምድር ዝሆን በገደለው በመስፍኑ በሩስፖሊ ስም ሰይመዋቸው ነበር። እነዚያ ስሞች በካርታ ላይ ጥቂት ዘመን ቆይተው ጠፍተዋል፤ የባለ አገሩ ስም ግን ጸንቶ ኖሯል፤ እንዲህም መሆኑ ተገቢ ነው።

ሥነ ምድርን የመረመሩ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ከአፋር ተነሥቶ እስከ ሞዛምቢክ የሚደርሰው ታላቁ ስምጥ ሸለቆ የተፈጠረው የምድር ቅርፊት ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ እየተሳበ በሳሳ ጊዜ መካከሉ ስለ ሰመጠ ነው፤ ይህም ሥራ አልተፈጸመም፤ ሁለቱ ወገኖች ዛሬም በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። የሰመጠው ክፍል ውኃ ሲይዝ ሐይቅ ሆነ፤ ሳይሰምጥ የቀረው ትከሻ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰውን የጉጌን ተራራ የያዘው የጋሞ ደጋ ሆነ፤ በመካከል የተጋደመውም ድልድይ ከምድር ውስጥ በእሳተ ገሞራ ፈልቶ የወጣ ዓለት ነው። አባያ በአገራችን ክልል ውስጥ ተጠቃለው ከሚገኙት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሁሉ በስፋት የሚበልጥ ሲሆን ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያላነሰ ምድር ይሸፍናል፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ በጠለቀበት ስፍራ እንኳ ከ13 ሜትር ብዙ አያልፍም። አንባቢ ይህን የመጨረሻውን ቁጥር በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

ከሴቻ ወደ ሲቀላ ወርዶ የሶዶን አውራ ጎዳና የያዘ ሰው በቀኙ የሐይቁን ሜዳ፣ በግራው የተራራውን ግድግዳ ይዞ ወደ ሰሜን ይጓዛል። ከተራራው የሚወርዱት እንደ ሐሬና እንደ ባሶ ያሉት ወንዞች በቦይ ተጠልፈው የሚያጠጡት ይህ ሜዳ የሙዝ አገር ነው፤ በላንቴና በምዕራብ አባያ የተቆረጠው አረንጓዴ ሙዝ በጭነት መኪና እየተጫነ እስከ አዲስ አበባ ገበያ ይደርሳል። ጥጥም የዚሁ የቆላው ልጅ ነው፤ ሙቀት ይሻልና። ሜዳውን የሠራው አፈር ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ሰው ግን ወደ ግራው ቀና ብሎ ማየት ይበቃዋል፤ ወንዞቹ በብዙ ሺህ ዓመት ከተራራው እየሸረሸሩ ያወረዱት ደለል ነውና፣ ዛሬ ሙዝ የሚበቅልበት መሬት ቀድሞ የጋሞ ደጋ ገላ ነበረ።

ከዋናው ጎዳና ወደ ግራ ተገንጥሎ ዳገቱን የሚጀምረው መንገድ ወዲያው ይጠመዘዛል። ከዚህ በኋላ መኪናው መፍጠን አይችልም፤ መፍጠንም የለበትም። ከፍታ በየሺህ ሜትሩ ሙቀቱን ከ6 ዲግሪ ባላነሰ ስለሚቀንሰው፣ መስኮቱን ከፍቶ የሚሄድ ሰው የአየሩን መለወጥ በፊቱ ቆዳ ላይ ያውቀዋል፤ ከታች የግራርና የእሾህ ቁጥቋጦ የነበረው ወደ ወይራ፣ ወይራውም ወደ ጽድና ወደ ባሕር ዛፍ፣ በመጨረሻም ወደ እንሰትና ወደ ቀርከሃ ይለወጣል፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው አንድ ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ ቁርሱን እስኪበላ በሚፈጅ ጊዜ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ መንገደኛው ከመኪናው እንዲወርድ እመክራለሁ። ለመንገዱ ሥራ ተራራው የተቆረጠበት ግድግዳ በየጥምዝምዙ ተራቁቶ ይታያል፤ ቀለሙ የበሰለ በርበሬ የመሰለ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ቀይ ነው። ከዚያ አፈር ቆንጥሮ በእርጥብ ጣት ቢያሸው አሸዋ የለበትም፤ እንደ ቅባት ይለሰልሳል። በብርጭቆ ውኃ በጥብጦ ቢያስቀምጠውም ከባዱ ክፍል ወዲያው ሲዘቅጥ ደቃቁ ክፍል በማግስቱ እንኳ ውኃውን እንዳቀላው ይገኛል፤ ብረት ያለበት ይህ ደቃቅ ጭቃ እጅግ ከመርቀቁ የተነሣ የራሱ ክብደት ፈጥኖ ወደ ታች ሊያወርደው አይችልምና። ዝናም በጣለ ማግስት የመጣ ደግሞ ብርጭቆም አያስፈልገውም፤ በመንገዱ ዳር በፈፋው የሚወርደውን ጎርፍ አይቶ ከማለዳው የአባያ ቀለም ጋር ያስተያየው።

የጋሞ ደጋ ሕዝብ የበዛበት፣ መሬቱም የጠበበ ስለ ሆነ፣ እርሻው እጅግ በቀጥታ የተነሣውን ዳገት ሳይቀር ወጥቶታል፤ ዛፉ የተመነጠረበት ተዳፋትም ዝናሙን መሸከም ይሳነዋል። የዚህ ጉዳይ ክብደት ከሐይቅ መቅላት እጅግ ያለፈ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎረቤቱ በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ የተናደው ኮረብታ ከ200 በላይ የሚሆኑ ሰዎችን፣ ብዙዎቹንም የተቀበሩትን ለማውጣት ተሯሩጠው የደረሱትን፣ በአንድ ማለዳ ወስዷል፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። በእነዚህ ተራሮች መካከል ለመዝናናት የሚያልፍ ሰው ሁሉ ከሚያደንቀው ተዳፋት ሥር ሰው እንደሚኖር ሊያስብ ይገባዋል።

ዶርዜ የሚደረሰው ቀትር ሲቃረብ ነው፤ እዚህም ጥቂት መቆየት ያሻል። የዶርዜ ቤት ከግርጌው እስከ ጉልላቱ በተሰነጠቀ ቀርከሃ የሚታታ፣ በእንሰት ቅርፊትም የሚከደን ሲሆን፣ በአዲስነቱ እስከ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ከፊቱ ደጀ ሰላም የመሰለ መግቢያ ወደ ውጭ ያወጣል፤ ባለቤቶቹም መልኩ የዝሆን ራስ መሆኑን ለእንግዳ ያሳያሉ፤ ቀድሞ ዝሆን በዚህ አገር ነበረና። ቤቱ መሠረት የለውም፤ ስለዚህ ምስጥ ከግርጌው በበላው መጠን ዓመት በዓመት ዝቅ ይላል፤ አባት ቀጥ ብሎ ይገባበት በነበረው በር ልጁ ጎንበስ ይላል። ምስጡ በጸና ጊዜ የመንደሩ ጎበዞች ተሰብስበው ቤቱን እንዳለ ያነሡትና ወደ ሌላ ስፍራ ተሸክመው ይወስዱታል። ከውስጥ የሚነደው እሳት ጢስ ቀርከሃውን እያጠቆረና እያጠና ስለሚጠብቀው፣ በሚገባ የታታ ቤት የአንድን ሰው ዕድሜ ያህል ይቆማል። ምስማር ያልገባበት፣ ድንጋይ ያልተነባበረበት፣ ከጓሮ በተቆረጠ ነገር ብቻ የቆመ ይህን የመሰለ ረጅም ቤት በአገራችን በሌላ ስፍራ አላየሁም።

ከቤቱ በስተ ኋላ እንሰቱ አለ። እናቶች የእንሰቱን ቅርፊት በሰያፍ ከቆመ ሳንቃ ላይ ዘርግተው፣ አንደኛውን ጫፍ በእግራቸው አጥብቀው ይዘው፣ በቀርከሃ ስለት ከላይ ወደ ታች ሲፍቁት ነጩ ሥጋ በግርጌው ይከማቻል፤ ቃጫው በእጃቸው ይቀራል። የተፋቀው በቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ተቀብሮ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ከተብላላ በኋላ ተጨምቆ፣ ተከትፎ፣ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በምጣድ ላይ ይጋገራል፤ ትኩሱን ቆጮ በማርና በዳጣ የቀመሰ እንግዳ ደግሞ አይጠይቁኝ አይልም። እኔ ግን ስለ እንሰት ከምግቡ ሌላ የምናገረው አለኝ። እንሰት ለመድረስ ብዙ ዓመታት የሚፈልግ፣ ዓመቱን ሙሉ ሰፊ ቅጠሉን ዘርግቶ የዝናሙን ግርፋት የሚቀበል፣ ሥሩም አፈሩን ጨብጦ የሚይዝ ተክል ነው፤ በዶርዜ ጓሮ ውስጥ የሚረገጠው መሬት ጥቁርና ለስላሳ፣ ቅጠላ ቅጠልም የጠገበ ነው። ከጓሮው ውጭ ጥቂት እርምጃ ተራምዶ በየዓመቱ ወደሚታረሰው ተዳፋት የደረሰ ሰው ያንኑ ቀይ አፈር ዳግመኛ ያገኘዋል። ልዩነቱ እንዲህ በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ጎልቶ የሚታይበት ስፍራ ብዙ አይገኝምና፣ አጥሩን ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

የዶርዜ ስም በአገር ሁሉ የታወቀው ግን በሸማኔነቱ ነው። ሴቶች ጥጡን ያባዝታሉ፣ ይፈትላሉ፤ ወንዶች በጉድጓድ ሸማ መሥሪያ ላይ ተቀምጠው ይሸምናሉ። ጥጡ የቆላ፣ እጁ የደጋ ነው፤ ብርድ ያለበት አገር ሰው ሙቀት ያበቀለውን ሠርቶ መልሶ ለብርድ ይለብሰዋል፤ እንዲህ ሆኖ ተራራውና ሐይቁ በጋቢ ድርና ማግ ሳይቀር ተገናኝተዋል። በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ ከሚሸምኑት መካከል ብዙዎቹ የዚህ ደጋ ልጆች ናቸው፤ ለመስቀልም ወደ አገራቸው ይገባሉ። የመስቀል በዓል በጋሞ ምድር ከበዓላት ሁሉ የላቀ ነው፤ ተለያይቶ የከረመ ቤተ ሰብ ይሰበሰባል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ በሬ ይጣላል፤ ያን ጊዜ ይህ መንገድ እየዘፈኑ ወደ ላይ በሚወጡ ሰዎች ይሞላል።

ስለ ዕርቅ ካነሣሁ አይቀር፣ በየመንደሩ ትልልቅ ዛፎች ያጠሉበት ዱቡሻ የሚባል ሣር ሜዳ እንዳለ መናገር ይገባኛል፤ ነገር የሚታየው፣ ጠብ የሚበርደው በዚያ ላይ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዳርቻ በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ስለ ደረሰው ግድያ የተቆጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል በተነሡ ጊዜ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመንገድ ላይ ተንበርክከው ለመኗቸው፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ያ ሥርዓት በከተማ አስፋልት ላይ ድንገት የተወለደ አይደለም፤ ከእነዚህ ሣር ሜዳዎች የወረደ ነው። በዱቡሻ ዳር የሚያልፍ መንገደኛም ዛፉን እንደ ጌጥ፣ ሣሩን እንደ ማረፊያ አድርጎ አይቁጠረው፤ ፈቃድ ሳይጠይቅም አይግባበት።

ከዶርዜ እስከ ጨንቻ ያለው መንገድ አጭር ነው። ጨንቻ ጉም የሚመላለስባት የደጋ ከተማ ስትሆን፣ ብርዷ ለአፕል ተስማምቶት በሚስዮናውያን እጅ የገባው ችግኝ ዛሬ የብዙ ገበሬ ገቢ ሆኗል፤ ዛፉ እንዲያብብ የክረምት ብርድ ይሻልና ከታች በሐይቁ ዳር ቢተከል ፍሬ አይሰጥም። ሻይ ጠጥቶ፣ አፕል ገዝቶ መመለስ ይበቃል።

የቀኑ ትልቁ ነገር በመመለሻው ላይ ነው። ከተሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ወደ ተራራው ጀርባ ስታዘነብል፣ ከዶርዜ በታች ሜዳው በሚገለጥበት ጥምዝምዝ ላይ መኪናውን ዳር አስይዞ የቆመ ሰው ማለዳ ከአፋፉ ያየውን ሁሉ አሁን ከላይ ያየዋል፤ በልቡ የያዘውንም ቁጥር የሚያወጣው እዚህ ነው። ጎርፍ ያወረደው ደቃቅ ቀይ ጭቃ፣ ከሰሜን የብላቴ ወንዝ ከሚያመጣው ጋር ተደምሮ፣ ጥልቀት ወደሌለው ወደ አባያ ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስም ጥልቀት የሌለውን ውኃ እስከ ወለሉ እያናወጠ ሊዘቅጥ የጀመረውን መልሶ ያነሣዋል፤ ስለዚህ አባያ አይጠራም። ውኃው ካልጠራ ብርሃን ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ብርሃን ካልዘለቀ ዐይን የማያያቸው አረንጓዴ ደቂቅ ዕፀዋት አይበዙም፤ እነርሱ ካልበዙ የእነርሱ ተመጋቢ ዓሣ ይቀንሳል፤ ዓሣ ሲቀንስ አዞው ይራባል። የባሕሩ ዳር ሰዎች የአባያ አዞ ሰውና ከብት ይደፍራል፣ የጫሞ አዞ ግን ዓሣ ጠግቦ ከአሸዋው ላይ ተኝቶ ይውላል የሚሉት ከዚህ የመጣ ነው፤ ኩልፎ ወንዝ ወደ ጫሞ በሚገባበት ስፍራ የአዞ ገበያ እስኪባል ድረስ ታላላቅ አዞዎች ተደርድረው ፀሐይ ሲሞቁ ይታያሉ። ከጨንቻ ተዳፋት ላይ የተነቀለ አንድ ዛፍና በሐይቁ ዳር ከብቱን የሚያጠጣ እረኛ ፍርሃት በዚህ ሰንሰለት ተያይዘዋል።

የተራራው ስጦታ ግን ጭቃ ብቻ አይደለም። ከዚያው ሰማይ በዚያው ተራራ ላይ የሚወርደው ዝናም ሁለት መንገድ አለው፤ ራቁቱን በቀረው መሬት ላይ የወረደው አፈሩን ይዞ በፈፋ ወደ አባያ ይጋልባል፤ ደንና እንሰት ባለበት የወረደው ወደ ዓለቱ ስንጥቅ ሰርጎ፣ በጨለማ ተጣርቶ፣ ከሴቻ አፋፍ ግርጌ ባለው ደን ውስጥ ለከተማዋ ስም በሰጧት አርባ ምንጮች ሆኖ ይፈልቃል፤ የከተማውም ሕዝብ የሚጠጣው እርሱን ነው። ከጨንቻ የተመለሰ ሰው ገና ብርሃን ሳለ ወደዚያ ደን ይግባ። ሾላው እስከ ሰማይ ቆሟል፤ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላል፤ ውኃውም ከድንጋይ ሥር ሲወጣ በጠጠሩ ላይ ያለው ሥርና ቅጠል አንድ በአንድ ይቆጠራል። ስፍራው በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ክፍል ነው። ከድልድዩ ማዶ ያለው የፓርኩ ሣር ሜዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 አንድ ክንፍ ብቻ የተገኘለትና በዚያው ክንፍ ለሳይንስ አዲስ መሆኑ የታወቀው ባለ ላባ የሌሊት በራሪ አገር ነው፤ እርሱ ግን የሌላ ቀን ጉዞ ይሻል።

ጫሞ እስካሁን የጠራ መስሎ ቢታይም ኩልፎ ከዝናም በኋላ ምን ዓይነት ቀለም ይዞ ወደ እርሱ እንደሚገባ ከከተማው ድልድይ ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል። ስለዚህ እርከን መሥራት፣ እንሰትና አገር በቀል ዛፍ መትከል የጨንቻ ገበሬ ብቻ ጉዳይ ተደርጎ መቆጠሩ ትክክል አይመስለኝም፤ ከታች ሙዙን የሚሸጠውም፣ ዓሣውን የሚያጠምደውም፣ ጀልባውን የሚያከራየውም የዚያ ተራራ ባለ ዕዳ ነው፤ ከገቢው ቆርሶ ወደ ላይ ሊልክ ይገባዋል።

ለመንገደኛው የምለምነው ጥቂት ነው። በጥምዝምዙ ላይ ሕፃናት መኪና ሲያዩ ወደ መንገዱ መካከል ገብተው እየዘለሉ ይጨፍራሉ፤ ጭፈራቸው ያምራል፤ ነገር ግን በመስኮት የሚጣልላቸው ሳንቲም ከትምህርት ቤት ያስቀራቸዋል፣ ከጎማ ሥርም ሊጥላቸው ይችላል፤ ገንዘብ ያለው ከአባቶቻቸው ጋቢ ይግዛ። ቁልቁለቱን ሹፌሩ በከባድ ማርሽ ይውረድ፤ ፍሬኑን አያቃጥል። የበልጉ ዝናም በሚበረታበት በሚያዝያና በግንቦት መንገዱ ይንሸራተታል፣ ጉሙም እይታውን ሁሉ ይሸፍናል፤ ከመስቀል በኋላ ባለው በዘመነ ጽጌ መጨረሻና ከዚያ በሚቀጥለው በጋ ግን ሰማዩ ይጠራል። ገበያው በዶርዜ ሰኞና ሐሙስ፣ በጨንቻ ማክሰኞና ቅዳሜ ይቆማል፤ ከእነዚህ ቀኖች በአንዱ በ12 ሰዓት ከሴቻ የተነሣ ሰው ሁሉንም አይቶ ሳይመሽ ወደ አርባ ምንጭ ይመለሳል።